ከሄፓታይተስ ሲ ሕክምና በኋላ፦ ቫይረሱ ከሄደ ጉበት ለምን ይመረመራል?

በዚህ እትም የጤና ዓምዳችን የምናነሳው ርዕስ አንድ ወንድማችን ካቀረበልን ጥያቄ የመጣ ነው። አባቱ ሄፓታይተስ ሲ ተገኝቶባቸው ለሦስት ወር ኪኒን ወስደዋል፤ ከዚያም ተመርምረው «ቫይረሱ የለም፣ ድነዋል» ተብለዋል። አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ሐኪማቸው ሲያሰናብቷቸው በየስድስት ወሩ እየመጡ አልትራሳውንድ እንዲነሱ አዘዋቸዋል። አባት አንዴ ሄደው ሁለተኛውን ቀጠሮ ተዉት። «አላህ ካሻረኝ በኋላ ምን ፍለጋ ነው የምመላለሰው? በሽታ የሚፈልግ ያገኛል» ይላሉ። ወንድማችን የጠየቀን «ምን ብዬ ልመልስላቸው?» ብሎ ነው።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የመጀመሪያዎቹ ነን። የላብራቶሪ ወረቀት ሲመጣ «እስቲ አንብበው» የሚባለው ለእኛ ነው፤ ከሆስፒታል ወረፋ ላይ የሚደወለውም ለእኛ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ይጠበቅብናል። ራሳቸው ታክመው የዳኑ ተማሪዎችም በመካከላችን ሊኖሩ ስለሚችሉ ጽሑፉ ለእነሱም ነው። ያዘጋጀነው በጤና ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ከሚማሩ አባሎቻችን ጋር ሆነን ነው፤ የሐኪምን ምክር ግን አይተካም።

«ድነዋል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሄፓታይተስ ሲ በደም የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ማንነቱ የታወቀው በ1989 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ በፊት ሐኪሞች «ኤም ቢም ያልሆነ ሄፓታይተስ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ሃርቪ ኦልተር፣ ማይክል ሆውተንና ቻርለስ ራይስ በዚህ ግኝት በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ለረጅም ጊዜ ሕክምናው ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ነበር። እስከ 48 ሳምንት ይወሰዳል፣ ትኩሳትና ከባድ ድካም ያመጣል፣ ያም ሆኖ ብዙ ታካሚዎችን አያድንም ነበር። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ግን ሶፎስቡቪርና መሰሎቹ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች መጡ። ዛሬ አብዛኛው ታካሚ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ኪኒን ይወስዳል፤ ከ100 ታካሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትም ይድናሉ።

እዚህ ላይ «ይድናሉ» የሚለው ቃል ለማጽናናት የተባለ አይደለም። ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ተደብቀው የሚቆዩበት መንገድ ስላላቸው መድኃኒቱ ያስታግሳቸዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አያጠፋቸውም። ሄፓታይተስ ሲ ግን እንዲህ ያለ መደበቂያ የለውም። ኪኒኑ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ በሚደረገው የፒሲአር ምርመራ፣ በተለምዶ ቫይራል ሎድ በምንለው፣ ቫይረሱ ከደም ውስጥ ከጠፋ ሰውየው ድኗል። የቀድሞው ቫይረስ ተመልሶ መነሳቱ እጅግ ብርቅ ነው። የአባት ደስታ እንግዲህ ትክክለኛ ደስታ ነው፤ ማንም «ውስጥ ውስጡን አለ» ብሎ ሊያስፈራቸው አይገባም።

ብዙ ሰው የሚደናገረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት የደም ምርመራ አለ። አንደኛው አንቲቦዲ የሚባለውን፣ ማለትም ሰውነታችን ቫይረሱን ሲዋጋ የሠራውን መሣሪያ ይፈልጋል። ሁለተኛው ፒሲአር ሲሆን ቫይረሱን ራሱን ይፈልጋል። አንቲቦዲው ሰውየው ከዳነ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ፣ ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የዳነ ሰው በፈጣኑ የጣት ደም ምርመራ ዳግም ቢታይ «ፖዘቲቭ» ይባላል። ይህ ያለፈ ጦርነት ምልክት ነው፤ በሽታው ተመልሷል ማለት አይደለም። የዳነ ሰው እንደገና መመርመር ካስፈለገው የሚጠየቀው ፒሲአር ብቻ ነው።

ይህን ባለማወቅ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ከጋብቻ በፊት በሚደረግ ምርመራ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ብቻ ታይቶ ኒካሕ ሊቆም ይችላል። ወደ ገልፍ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በሚያልፉበት የሕክምና ምርመራም የሄፓታይተስ ሲ አንቲቦዲ ይታያል። ታክሞ የዳነ ሰው ሕክምናውን የጨረሰበትን ማስረጃና ከ12 ሳምንት በኋላ የተሠራውን የፒሲአር ውጤት ዋናውን አስቀምጦ ኮፒውን ይዞ ቢዞር መልካም ነው። ተቀባዩ ወገን መቀበል አለመቀበሉ የራሱ ደንብ ጉዳይ ነው። ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ለማስረዳት ግን ያለዚያ ወረቀት መነሻ እንኳን አይኖርም።

ሌላው የደም ልገሳ ነው። ማኅበራችን በየዓመቱ ደም የመለገስ ዘመቻ ሲያዘጋጅ «ለምን አትሰጥም?» ተባብለን መገፋፋት ልማዳችን ሆኗል። ሄፓታይተስ ሲ ታክሞ የዳነ ሰው ደም አይለግስም፤ አንቲቦዲው ስለሚገኝ የደም ባንክ አይቀበለውም። ምክንያቱን ለባልደረቦቹ ሁሉ የመናገር ግዴታም የለበትም። ስለዚህ «አልችልም» ያለን ሰው ምክንያት አንጠይቅ።

ቫይረሱ ሄዶ ጠባሳው ሲቀር

ወደ አባት ጥያቄ እንመለስ። ቫይረሱ ከሄደ ምን ቀረ?

የቀረው ጠባሳ ነው። ሄፓታይተስ ሲ አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳምም ለ20 እና ለ30 ዓመት ጉበት ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ ሁሉ ዘመን ጉበት ይቆስላል፣ ይጠግናል፣ ዳግም ይቆስላል። እጅ ላይ ያለ ቁስል ሲድን ጠባሳ እንደሚተው ጉበትም ሲጠግን ጠባሳ ይሠራል። ሐኪሞች ደረጃውን ከኤፍ 0 እስከ ኤፍ 4 ይሰጡታል። ኤፍ 0 ጠባሳ የሌለበት ነው። ኤፍ 3 ጠባሳው የበዛበት፣ ኤፍ 4 ደግሞ ጉበቱ የደነደነበትና ሲሮሲስ የሚባለው ደረጃ ነው።

መድኃኒቱ ቫይረሱን ገደለ እንጂ ጠባሳውን አልፋቀም። የአላህ እዝነት ሆኖ ጉበት ራሱን የማደስ ችሎታ ተሰጥቶታልና ቫይረሱ ከሄደ በኋላ ጠባሳው በብዙዎች ላይ በዓመታት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ሲሮሲስ ላይ በደረሰ ጉበት ግን የጉበት ካንሰር የመነሳት ዕድል ይኖራል፣ ከዳኑም በኋላ። መዳን ይህን አደጋ ወደ 70 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል፤ ትልቅ ቅነሳ ነው፤ ዜሮ ግን አያደርገውም። የስድስት ወሩ ቀጠሮ ለዚህ ለቀረው አደጋ ነው። ቫይረሱን የሚፈልግበት ቀጠሮ አይደለም። አባት «በሽታው ስለሌለ አልሄድም» ሲሉ ያልተጠየቁትን ነው የመለሱት።

ከዚህ ተነስተን ግን የታከመ ሁሉ ይመላለስ ማለት የለብንም። ከሕክምና በፊት ጠባሳው ከኤፍ 0 እስከ ኤፍ 2 የነበረና ሌላ የጉበት ችግር የሌለበት ሰው፣ መዳኑ ከተረጋገጠ በኋላ ለጉበቱ የተለየ ክትትል አያስፈልገውም፤ ቫይረሱ ጨርሶ ይዞት እንደማያውቅ ሰው ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ ታክመው የዳኑ ተማሪዎች አብዛኛዎቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። ለእነሱ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መነሳት ገንዘብና ጭንቀት ማባከን ነው ብለን እናምናለን። ሲሮሲስ የነበረባቸው ግን ክትትሉ ይቀጥላል። ኤፍ 3 ላይ የዓለም መመሪያዎች ይለያያሉ፤ የአውሮፓው ክትትሉ ይቀጥል ይላል፣ ሌሎቹ ለሐኪሙ ውሳኔ ይተዉታል። እንግዲህ ወንድማችን አባቱን ከመጫኑ በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ጠባሳው ስንት ነበር?

አንድ ትንሽ ሒሳብ

የጠባሳውን ደረጃ ለማወቅ ፋይብሮስካን የሚባል የጉበትን ድንዳኔ በኪሎፓስካል የሚለካ መሣሪያ አለ፤ 12.5 ኪሎፓስካልና ከዚያ በላይ ሲሆን ሲሮሲስ ይጠረጠራል። በአገራችን ግን መሣሪያው ያላቸው ተቋማት ጥቂት ናቸው። በብዙ ቦታ ሐኪሞች የሚጠቀሙት ከተራ የደም ምርመራ የሚሰላ ፊብ 4 የተባለ ቁጥር ነው። የሚያስፈልገው ዕድሜ፣ ኤኤስቲ፣ ኤኤልቲና የፕሌትሌት ቁጥር ነው። ኤኤስቲ በአንዳንድ ላብራቶሪ ወረቀት ላይ ኤስጂኦቲ፣ ኤኤልቲ ደግሞ ኤስጂፒቲ ተብሎ ይጻፋል፤ አንድ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕድሜን በኤኤስቲ ማባዛት፤ ይህ ላይኛው ቁጥር ነው። ፕሌትሌትን በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ማባዛት፤ ይህ ታችኛው ነው። ከዚያ ላይኛውን ለታችኛው ማካፈል። ለምሳሌ 45 ዓመት የሆነው፣ ኤኤስቲው 80፣ ኤኤልቲው 64፣ ፕሌትሌቱ በሺህ ሲቆጠር 120 የሆነ ሰው እንውሰድ። ከላይ 45 ሲባዛ በ80፣ 3600 ነው። የ64 ስኩዌር ሩት 8 ስለሆነ ከታች 120 ሲባዛ በ8፣ 960 ይሆናል። 3600 ለ960 ሲካፈል 3.75 ነው። ከ3.25 በላይ ከባድ ጠባሳ መኖሩን ያመለክታል፤ ከ1.45 በታች ደግሞ ከባድ ጠባሳ ያለመኖሩን ዕድል ከፍ ያደርጋል። በመካከል ያለው ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

አሁን ወጥመዱን እንመልከት። ያው ሰው ታክሞ ዳነ እንበል። ከዓመት በኋላ ዕድሜው 46፣ ኤኤስቲው 32፣ ኤኤልቲው 25፣ ፕሌትሌቱ 130 ሆነ። ከላይ 1472፣ ከታች 650፤ ውጤቱ 2.26 ገደማ ነው። ቁጥሩ በጣም ወረደ። ጠባሳው በአንድ ዓመት ይህን ያህል ጠፋ ማለት ነው? አይደለም። የወረደው በዋናነት ቁስለቱ ስለቆመ ኤኤስቲና ኤኤልቲ ስለቀነሱ ነው። ጠባሳው በቦታው ሊሆን ይችላል። ከመዳን በኋላ የተሠራ ቁጥር ዝቅ ማለቱን አይቶ ክትትል ማቆም የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚወስነው ከሕክምና በፊት የነበረው ደረጃ ነው። ካልኩሌተር ያለው ተማሪ ሁሉ ይህን ሒሳብ በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል፤ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ለመድረስም ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ስለዚህ የድሮውን ወረቀት አትጣሉ።

በቀጠሮው ቀን ምን ይደረጋል?

ብዙ አይደለም። ዋናው የሆድ አልትራሳውንድ ነው። አያምም፣ ጨረር የለውም፣ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይፈጅም። ከእሱ ጋር አልፋ ፌቶ ፕሮቲን የሚባል የደም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። ይህ ምርመራ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ ካንሰር እያለ ዝቅ ሊል፣ ካንሰር ሳይኖርም ከፍ ሊል ይችላል። ከአልትራሳውንዱ ጋር ሲሆን ግን ይረዳል። ከዚህ ሌላ የጉበት ሥራ ምርመራዎች፣ ፕሌትሌትና የደም መርጋት መጠን ይታያሉ።

ለምን ስድስት ወር? የጉበት ካንሰር ዕጢ በአማካይ በጥቂት ወራት ውስጥ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። በየስድስት ወሩ የታየ ጉበት ላይ ዕጢ ቢነሳ ገና ትንሽ ሳለ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ትንሽ ሲሆን በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ወይም በቦታው ሊቃጠል ይችላል። ሕመም፣ ክብደት መቀነስ፣ የዓይን ቢጫነት ከመጣ በኋላ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ በር የተዘጋበት ነው። አባት «ደህና ነኝ፣ ምንም አላመመኝም» ይሉ ይሆናል። ምርመራው የሚጠቅመው ምንም ባላመማቸው ጊዜ ነው። ካመማቸውማ እኛ ሳንለምናቸው ይሄዳሉ።

አልትራሳውንዱ ላይ «ትንሽ ነገር ታይቷል» ቢባል ወዲያው ካንሰር ነው ብሎ ማልቀስ አይገባም። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ነገር ሲታይ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወር በኋላ ምርመራው ይደገማል። ከዚያ በላይ ከሆነ በመድኃኒት የታገዘ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በጉሮሮ ቧንቧው ውስጥ ያበጡ የደም ሥሮች እንዳሉበት ለማየት ኢንዶስኮፒም ሊታዘዝለት ይችላል፤ እነዚህ ሥሮች ሳይታወቁ ቢፈነዱ ለሕይወት ያሰጋሉ።

ስለ ወጪውና ስለ መንገዱ ጥቂት እንበል፤ ብዙ ሰው ክትትል የሚያቋርጠው ከእምነት ክርክር ይልቅ በዚህ ምክንያት ነውና። አልትራሳውንድ በብዙ የዞን ከተሞች ይገኛል፤ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ አዲስ አበባ መምጣት ግድ ላይሆን ይችላል። ሐኪሙን «አቅራቢያችን ባለው ሆስፒታል ተነስቶ ውጤቱን ብንልክስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነም ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ መነሳት ከኪስ የሚወጣውን ሊቀንስ ይችላል።

ከግብፅ የምናየው

በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ ከግብፅ የበለጠ የሚያስተምር አገር ያለ አይመስለንም። በርካታ የአገራችን ልጆች ለትምህርት የሚሄዱባት ስለሆነች ለእኛም ሩቅ አይደለችም። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የግብፅ መንግሥት ቢልሃርዚያን ለማጥፋት የገጠሩን ሕዝብ በመርፌ ያክም ነበር። መርፌው በሚገባ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው ዞረ። ያኔ ማንም በማያውቀው ቫይረስ ሚሊዮኖች ተያዙ። በ2008 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 59 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ከ100 ወደ 15 የሚጠጉት አንቲቦዲው ተገኝቶባቸዋል።

አዲሶቹ ኪኒኖች ሲመጡ በአሜሪካ የ12 ሳምንቱ የሶፎስቡቪር ዋጋ 84,000 ዶላር ነበር። ግብፅ በ2014 ተደራድራ በ900 ዶላር ገዛች፤ ቀጥሎም በአገር ውስጥ ማምረት ተጀመረና ዋጋው ይበልጥ ወረደ። ከ2018 መጸው ጀምሮ በሰባት ወር ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመረመረ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ታከሙ። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ግብፅን ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በሚወስደው መንገድ ላይ የወርቅ ደረጃ ሰጣት፤ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ አገር ናት።

ወደ ርዕሳችን የሚያመጣን ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲድን የግብፅ የጉበት ሐኪሞች ሥራ አላለቀም። ዘግይተው የታከሙት፣ ጉበታቸው የደነደነው፣ ዛሬም በአልትራሳውንድ ወረፋ ላይ ናቸው። በግብፅ በብዛት የሚገኘው የቫይረሱ ዓይነት ጂኖታይፕ 4 ሲሆን በኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶችም ጎልቶ የታየው እሱ ነው። አዲሶቹ መድኃኒቶች እሱንም በሚገባ ያድናሉ።

«አላህ ካሻረኝ በኋላ»

የአባትን ቃል ለማጣጣል አንፈልግም። ፈውስ ከአላህ መሆኑን ማመናቸው ትክክል ነው፤ መመላለስን እንደ ጥርጣሬ ማየታቸውም ከዚሁ እምነት የመነጨ ነው። ነገር ግን ኪኒኑን የዋጡትም በዚሁ እምነት ነበር። ያኔ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር ካልተጋጨ አሁንም አይጋጭም። ገበሬ ዘሩ ከበቀለ በኋላ «አላህ አብቅሎልኛል» ብሎ ማሳውን ለከብት ክፍት አይተውም፤ ያጥራል፣ ይጠብቃል። አካልም አማና ነው።

ለወንድማችን የምንመክረው ግን በክርክር እንዳይጀምር ነው። አባትን በዳሊል መርታት ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ቀጠሮ ላይ ማድረስ ግን ሌላ ነገር ነው። «አባዬ፣ ቫይረሱ ሄዷል፣ እሱን ማንም አይፈልግም። የሚታየው ድሮ ያቆሰለው ቦታ ነው» ብሎ ቢጀምር የሚሻል ይመስለናል። ብዙ አባቶች የሚፈሩት ምርመራውን አይደለም፤ «አሁንም በሽተኛ ነህ» መባልን ነው። ቀጠሮውን በሴሚስተር ዕረፍት ላይ አስደርጎ አብሮ መሄድ ደግሞ ከመቶ ማብራሪያ ይሻላል። ከልጁ ጋር ለመሄድ እምቢ የሚል አባት ጥቂት ነው።

ጉበትን ዳግም የሚጎዱ ነገሮች

አልኮል ቀዳሚው ነው። በእኛ ዘንድ ብይኑ ስለሚታወቅ አናስረዝምም፤ ጠባሳ ላለበት ጉበት ግን ትንሹም መጠን ጉዳት መሆኑን በችግሩ ውስጥ ላለ ሰው መንገር ያስፈልጋል። ሐኪም ሲጠይቅ ከሐፍረት የተነሳ የሚደበቅ እውነት ሕክምናውን ያሳስታል።

ስለ ጫት ግን እናርዝም፤ በፈተና ሰሞን ዶርማችን ምን እንደሚመስል እናውቃለንና። ጫት በብዛት መቃም ከጉበት ጉዳት ጋር እንደሚያያዝ በሐረር የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ጫት «ሐላል ነው፣ ሐራም ነው» የሚለውን ክርክር ለዛሬ እንተወውና፣ ጉበቱ አንዴ የተጎዳ ሰው ሊርቀው ይገባል ስንል የሚከራከረን ሐኪም ያለ አይመስለንም። ከዚህ በተቃራኒ ቡና ጥሩ ዜና ነው። በቀን ሁለት ሦስት ስኒ ቡና የሚጠጡ ሰዎች የጉበት ጠባሳና ካንሰር ያነሰባቸው መሆኑ በበርካታ አገሮች ጥናቶች ታይቷል። ስኳሩ ሲበዛ ግን ነገሩ ይበላሻል፤ ስኳር በሽታና ውፍረት በራሳቸው ጉበት ላይ ስብ ያከማቻሉ።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ሲሮሲስ ያለበት ሰው ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ቢወስድ በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ከአራት ባለ 500 ኪኒን፣ እንዳያልፍ ይመከራል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለእሱ አይሆኑም፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ መድማትንም ያመጣሉ። የባሕል መድኃኒት ጉዳይ ስሜት የሚነካ ነው። ጥቁር አዝሙድን በምግብ ውስጥ መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ «ጉበት የሚያጸዳ» የተባለ ጠርሙስ መጠጣት ሌላ ነገር ነው። ጉበትን ሊመርዝ የሚችለው ይህኛው ነው። የተዳከመ ጉበት «የሚጸዳበት» መድኃኒት የለም።

ዳግም መያዝ ይቻላልን?

አዎ። አንድ ጊዜ መዳን ከሁለተኛ አይጠብቅም፤ ክትባትም እስካሁን የለውም። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም ነው። እዚህ ላይ ለማኅበረሰባችን በግልጽ የምንለው አለን። ሒጃማ የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰው በፊቱ የሚከፈት አዲስ ምላጭና አዲስ ኩባያ ካልተጠቀመ ከእሱ ዘንድ አትሠሩ፤ ሱናን ፈልጎ ቫይረስ ይዞ መመለስ ማንንም አይጠቅምም። የፀጉር ቤት ምላጭ፣ ያልተቀቀለ የግርዛት መሣሪያ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ በየመንደሩ ያለ ፈቃድ መርፌ የሚወጋ ሰው፣ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ናቸው።

በአንድ ማእድ መብላት፣ መጨባበጥ፣ ማቀፍ፣ በአንድ ቦታ ውዱእ ማድረግ፣ በአንድ ዶርም መተኛት ግን አያስተላልፍም። የታመመን ሰው በሳህን መለየት በደል ነው፣ ከዳነ በኋላ ደግሞ በደል ላይ በደል።

ሄፓታይተስ ቢ ግን በአገራችን ከሲ በብዙ የተስፋፋ ሲሆን ክትባት አለው። ሲን የታከመ ሰው ቢ እንዳለበት ካልተመረመረ ይመርመር፤ ነጻ ከሆነ ይከተብ። የሲ ሕክምና በሚወሰድበት ጊዜ ተኝቶ የነበረ ቢ ሊነሳ እንደሚችልም ስለሚታወቅ ሁለቱም ያሉበት ሰው ክትትሉ የተለየ ነው።

ረመዷንና ቀጠሮ

አልትራሳውንድ ከመነሳት በፊት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባዶ ሆድ መሆን ይመከራል። ስለዚህ በረመዷን የዋለ ቀጠሮ ለጿሚ እንቅፋት አይደለም፤ እንዲያውም ተዘጋጅቶ ነው የሚሄደው። ለምርመራ ጥቂት ደም መስጠትም ጾምን እንደማያበላሽ አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለማእ ይገልጻሉ። ኢንዶስኮፒ ግን ቢቻል ከረመዷን በፊት ወይም በኋላ ቢያዝ ይሻላል፤ ዝርዝሩን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።

መጾምን በተመለከተ ሰው ከሰው ይለያያል። ጠባሳ የሌለበት የዳነ ሰው እንደማንም ይጾማል። ሲሮሲስ ኖሮበት ጉበቱ ሥራውን የሚወጣለት ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ሊጾም ይችላል፤ የደነደነ ጉበት ስኳር ማጠራቀም ስለሚያቅተው ረጅም ሰዓት ያለ ምግብ ሲቆይ ጡንቻ ይቀልጣልና ሱሑርን በፍጹም አይዝለል። ሆዱ ውኃ የቋጠረ፣ ደም አስመልሶ የሚያውቅ፣ አእምሮው የሚደናገር ሰው ግን ሐኪሞች እንዳይጾም ይመክሩታል። ለታመመ የተሰጠው ሩኽሳ ለእንዲህ ያለ ሰው ነው፤ እምቢ ብሎ መጾም የተሻለ ዲን አይደለም። የሚያሸኑ ኪኒኖችን ሰዓት በራስ ውሳኔ ማዘዋወርም አደገኛ ነው።

ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶችን ለቤተሰብ በስልክ ተናገሩ፦ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ በቀናት ውስጥ የሆድ ማበጥ፣ የዓይን ቢጫነት፣ ቀን እየተኙ ሌሊት ማደር ወይም ንግግር መዘባረቅ። የመጨረሻውን ብዙ ቤተሰብ የጂን ነገር ነው ብሎ ወደ ሩቅያ ብቻ ይሮጣል። ሩቅያው ይደረግ፣ መኪናው ግን በዚያው ሰዓት ይጠራ፤ የጉበት መድከም አእምሮን የሚያደናግር መሆኑ የታወቀ ነው፣ መድኃኒትም አለው።

የቤተሰባችሁን የላብራቶሪ ወረቀት አብሯችሁ የሚያነብ የምትፈልጉ፣ የጤና ዘርፋችን አባላት ሁልጊዜ ጁሙዓ ከዐስር ሶላት በኋላ በማኅበሩ ክፍል ይገኛሉ። ከሕክምና በፊት የነበረውንም ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ ስም ያለበትን ክፍል በእጃችሁ ሸፍናችሁ ብታሳዩን ይበቃል።